ፔዳል የሌላት ሳይክል፦ ሕፃናትን በእርግጥ ታስተምራለች?

ቲክቶክ ላይ ትንሽ ከቆያችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ገና ዳይፐር የለቀቀ የማይመስል ልጅ፣ ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ ሄልሜት፣ ከስሩ ደግሞ ፔዳልም ሰንሰለትም የሌላት ሚጢጢ ሳይክል። መሬቱን በእግሩ ገፋ ገፋ ያደርግና ሁለቱንም እግሮቹን አንስቶ ይንሸራተታል። የሳይክሏ ስም "ባላንስ ባይክ" ይባላል። አሁን አሁን እዚህ አዲስ አበባም የሕፃናት ዕቃ የሚሸጡ የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀምራለች።

ታላቅ እህቴ እንዲህ ያለ አንድ ማስታወቂያ ላከችልኝና "አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሽ የለ? ይሄ ነገር ያዋጣል ወይስ ብር ማባከን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ልጇ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔም እንደ ልማዴ "አዎ" ወይም "አይ" ብሎ ከማለፍ ይልቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። አጭሩ መልስ ይኸው፦ አዎ፣ ይሠራል። ግን የሚሠራው ሐሳቡ ነው፤ ሐሳቡን ለመጠቀም ደግሞ የግድ ያቺን ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ረጅሙን መልስ ለማወቅ አብራችሁኝ ቆዩ።

ነገሩ ከ200 ዓመት በላይ ነው

ባላንስ ባይክ አዲስ ፈጠራ ይመስላል። እውነታው ግን ሳይክል ራሱ ሲወለድ ፔዳል አልነበረውም። ካርል ድራይስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1817 ከማንሃይም ከተማ ተነስቶ በሁለት ጎማ የምትሄድ የእንጨት መኪናውን በእግሩ መሬት እየገፋ ነዳ። ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ገደማውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው የጨረሰው። መሪ ነበራት፣ መቀመጫ ነበራት፣ ፔዳል ግን የላትም። ፔዳል የፊት ጎማ ላይ ተገጥሞ ፈረንሳይ ውስጥ የተስፋፋው በ1860ዎቹ ነው። ስለዚህ የሰው ልጅ ራሱ መጀመሪያ የለመደው ሚዛን መጠበቁን ነው፤ ፔዳል መምታቱ የመጣው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ለሕፃናት የተሠራችው የዛሬዋ ባላንስ ባይክም የመጣችው ከዚያው ከጀርመን ነው። በ1997 "ላይክ ኤ ባይክ" የተባለች የእንጨት ሳይክል ገበያ ላይ ዋለች። በ2007 ደግሞ አሜሪካዊው ራያን ማክፋርላንድ ለትንሽ ልጁ ብሎ የሠራትን ይዞ "ስትራይደር" የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሳይክል መማር በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥባቸው መዋዕለ ሕፃናት አሉ፤ ልጆቹም የሚጀምሩት ያለ ፔዳል ነው።

ለምን ይሠራል?

ሳይክል መንዳት ሁለት ሥራ ነው። አንዱ ፔዳል መምታት፣ ሌላው ሚዛን መጠበቅ። ከሁለቱ ከባዱ የትኛው ነው? ባለ ሦስት ጎማ የሚነዳ ልጅ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ፔዳል መምታትን ልጆች በቀላሉ ይይዙታል። የሚያስፈራው፣ የሚጥለው፣ የሚያስለቅሰው ሚዛኑ ነው።

እኛ ያደግንበት መንገድ ደግሞ በተቃራኒው ነበር። ከኋላ ሁለት ረዳት ጎማ ይገጠማል፤ ልጁ ቀላሉን ፔዳል አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ይለማመዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ረዳቶቹ ይነሱና ከባዱን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ቻል ይባላል። ፈተና ላይ ያልተማርነው ምዕራፍ ሲመጣ የሚሰማን ነገር ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ረዳት ጎማ የተሳሳተ ነገር ያስለምዳል። ሁለት ጎማ ያለው ነገር ወደ ግራ ሊወድቅ ሲል የሚድነው መሪው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ጎማዎቹ ከሰውነታችን ስር ተመልሰው ይገባሉ፤ ሚዛን ይመለሳል። ስንታጠፍም ሳይክሏ ወደምንታጠፍበት አቅጣጫ ዘንበል ማለት አለባት። ረዳት ጎማ ያላት ሳይክል ግን ዘንበል ማለት አትችልም፤ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ልጁ በፍጥነት ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭ፣ በውጭ በኩል ባለው ረዳት ጎማ ላይ ይጫናል። ያ ልማድ ረዳቶቹ ሲነሱ ወዲያው ይጥለዋል።

ፔዳል የሌላት ላይ ግን ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መውደቅን በትንሽ በትንሹ ይቀምሳል። ዘንበል ስትል እግሩን ያስቀምጣል፤ ቀና ትላለች። ቀን በቀን እግሩ መሬት ሳይነካ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ማንም ሳያስተምረው ሰውነቱ ራሱ ሕጉን ያገኘዋል።

ጥናቱስ ምን ይላል?

"እሺ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ማስረጃ አለ ወይ?" የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ያው ነኝ።

ሳይክል የዕለት እንጀራ በሆነባት ኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ወላጆችን ጠይቀው በ2022 ያሳተሙት ጥናት አለ። ባላንስ ባይክ የተጠቀሙ ልጆች በረዳት ጎማ ከተለማመዱት ቀድመው፣ ባጠረ የልምምድ ጊዜም፣ በራሳቸው መንዳት ጀምረዋል። በዚያው ዓመት ፖርቱጋል ውስጥ 2,000 ያህል ምላሾች የተሰበሰቡበት ሌላ ጥናት ቁጥሩን ያስቀምጣል፦ በባላንስ ባይክ የጀመሩት በአማካይ 4 ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው ችለዋል፤ በረዳት ጎማ የጀመሩት 6 ዓመት ገደማ ላይ፤ ያለ ምንም አጋዥ የተማሩት ደግሞ 7 ዓመት አልፏቸው።

የሁለት ዓመት ልዩነት! ሻጩ ይህን ቁጥር ቢያገኝ ባነር ላይ ነው የሚያሳትመው። እዚህ ላይ ግን የኢኮኖሚክስ አስተማሪዎቻችን በየክፍሉ የደጋገሙልን ነገር ይመጣል፦ ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። አስቡት፤ ለሁለት ዓመት ልጁ ባላንስ ባይክ የሚገዛ ወላጅ ምን ዓይነት ወላጅ ነው? ምናልባት ራሱ ሳይክል የሚወድ፣ ጊዜ ያለው፣ ልጁን ሜዳ ይዞ የሚወጣ ነው። ልጁ ቀድሞ የቻለው በሳይክሏ ነው ወይስ በወላጁ? ደግሞም ባላንስ ባይክ ገና በሁለት ዓመት ይጀመራል፤ ቀድሞ የጀመረ ቀድሞ ቢጨርስ ምን ይገርማል? በዚያ ላይ ትልልቆቹ መልስ ሰጪዎች ልጅ በነበሩ ጊዜ ይህች ሳይክል ገበያ ላይ አልነበረችም።

ይህን ለመለየት ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ማለማመድ ያስፈልጋል። የፖርቱጋል ተመራማሪዎች ይህንንም በጥቂት ልጆች ሞክረውታል። ግማሾቹ በባላንስ ባይክ፣ ግማሾቹ በረዳት ጎማ ተለማመዱ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ተራ ሳይክል ተሸጋገሩ። በሁለቱም በኩል አብዛኛው ልጅ ለመደ፤ ባላንስ ባይክ የያዙት ግን ፈጥነው። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ከትልልቆቹ መጠይቆች ጋር አንድ ነው፤ ቅድም ካየነው የሚዛን ሕግ ጋርም ይገጥማል። ሦስት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ ሲያደርሱ እኔ በበኩሌ አምናለሁ።

የማላምነው ማስታወቂያው ከዚያ አልፎ የሚጨምረውን ነው። "የልጅዎን አእምሮ ያሳድጋል፣ ትምህርት ላይ ጎበዝ ያደርጋል" የሚሉት ዓይነት። እነዚህ ጥናቶች የለኩት ልጁ መቼ በራሱ መንዳት እንደጀመረ ነው። የሒሳብ ውጤቱን አይደለም።

ብሩ ላይ እንምጣ

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ይህን ጽሑፍ ለጓደኛችሁ ሼር እስክታደርጉ ድረስ ሊቀየር ይችላል፤ ብር በገበያ መመራት ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው እንዴት እንደሚሮጥ ሁላችንም እናውቃለን። ለእህቴ የተነገራት ዋጋ ግን ከደመወዟ ላይ ደህና ቁራሽ የሚወስድ ነበር። ለምን? ፔዳል ለሌላት፣ ሰንሰለት ለሌላት፣ ብዙ ጊዜም ፍሬን እንኳ ለሌላት ሳይክል! ባነሰ ዕቃ የበዛ ብር።

አሁን ልብ በሉ። ባላንስ ባይክ ማለት ፔዳል የተነሳለት ትንሽ ሳይክል ማለት ነው። ያቺ ትንሽ ሳይክል ደግሞ በብዙ ቤት፣ ዘመድ ጋ ወይም ጎረቤት ጋ፣ በረንዳ ላይ አቧራ ለብሳ ቆማለች። እኛም ያገኘናት እንደዚያ ነው። አንዲት ጎረቤት "ልጄ አድጎባታል፣ ውሰዱት" ብለው የሰጡን ባለ 12 ኢንች ሳይክል ነበረች፤ አንዱ ረዳት ጎማዋ ተሰብሯል።

ሰፈራችን ያሉት ሳይክል ሠሪ ጋ ወሰድናት። "ጋሼ፣ ፔዳሉን ይፍቱልን" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"ይገጠምልኝ ነው ወይስ ይፈታልኝ ነው ያልሽኝ የኔ ልጅ?"

"ይፈታልኝ።"

"እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ለማስገጠም ነው" ብለው ሳቁ። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ወዲያው ነው የገባቸው። ረዳት ጎማዎቹንም፣ ከፊት ያለውን ቅርጫትም፣ የሰንሰለቱን መሸፈኛም ጨምረው አነሱና "አሁን ቀለለቻት" አሉ። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉት። ሥራው ሻይ ጠጥቶ ከመጨረስ አይበልጥም።

ራሳችሁ የምትፈቱ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፦ የግራው ፔዳል ጥርስ ከቀኙ ተቃራኒ ነው። የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ግን ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቅ በጉልበቱ የሚታገል ሰው ይበልጥ እያጠበቀው ነው። ብዙውን ጊዜ 15 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት በሳይክሏ ላይ እንኳ አልተቀመጠችም፤ መሪዋን ይዛ እንደ ፍየል ስትጎትታት ነው የከረመችው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተቀምጣ መራመድ፤ ከዚያ ሮጥ ሮጥ። በሁለተኛው ወር ገደማ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ እግሯን አንስታ ሦስት አራት መኪና ርዝመት ተንሸራተተች። እህቴ ቪዲዮውን ስትልክልኝ ከስሩ የጻፈችው አንድ ቃል ነበር፦ "አዋጣ።"

የምትፈታ ሳይክል ካላገኛችሁስ? የዚህች ዕቃ የአገልግሎት ዘመን ለአንድ ልጅ ከሁለት ዓመት ብዙም አይበልጥም። ለአጭር ጊዜ የሚያስፈልግን ውድ ዕቃ አንድ ቤተሰብ ብቻውን መግዛቱ ነው የማያዋጣው። አንድ ብሎክ ላይ ያሉ ሦስት ወላጆች አዋጥተው አንድ ቢገዙ፣ ልጆቹ ቢፈራረቁ፣ ሲያድጉ ለሚቀጥለው ቢሸጡ፣ የአንዱ ልጅ ወጪ በጣም ይወርዳል። ዕቁብ የፈጠረ ሕዝብ ይህ ይከብደዋል ብዬ አላምንም። ኬጂዎችም አራት አምስት ይዘው አንድ ክፍል ሙሉ ማስተማር ይችላሉ።

ሁለት ዓመት ቀድሞ መቻል ምን ይጠቅማል?

ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፦ "በአራት ቻለ፣ በስድስት ቻለ፣ ምን ለውጥ አለው? ሁሉም በመጨረሻ ይችላል።" አምስተርዳም ላይ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ሁሉም በመጨረሻ አይችልም።

እኛ ሰፈር ሳይክል የሚለመደው በኪራይ ነበር። ልጁ ሳንቲሙን ከፍሎ የተወሰነ ዙር ይነዳል። ሳይክሎቹ የትልቅ ሰው ናቸው፤ እግራቸው የማይደርስላቸው ልጆች አንድ እግራቸውን በመሃል ዘንግ ስር አሾልከው ዘመም ብለው ይነዱ ነበር። ዕድሜያቸው ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች። ወንድሜ እዚያ ወድቆ፣ ጉልበቱ ተልጦ፣ ቻለ። እኔና እህቴ ደጃፍ ላይ ቆመን እናይ ነበር። የከለከለን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዘጠኝ በአሥር ዓመታችን "ትወድቂያለሽ"፣ "ቀሚስ ለብሰሽ?"፣ "እናትሽን አታግዢም?" የሚሉት ድምፆች ሥራቸውን ቀድመው ጨርሰው ስለነበር፣ ለመጠየቅም አላሰብነውም።

እህቴ እስከ ዛሬ አትችልም። እኔ የቻልኩት በ22 ዓመቴ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመሩት "መንገድ ለሰው" ከሚባሉት መኪና አልባ እሁዶች በአንዱ፣ አስፋልት ላይ፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ መሬቱን በእግሬ እየገፋሁ። ልክ እንደ ሕፃናቱ። አጠገቤ የስምንት ዓመት ልጆች እየበረሩ ያልፋሉ፤ አንዱ "አይዞሽ!" ብሎኛል።

ኢኮኖሚስት ነገሩን እንዲህ ይለዋል፦ የመማር ዋጋ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። የሦስት ዓመት ልጅ ስትወድቅ የምትወድቀው ከክንድ በማይበልጥ ከፍታ ነው፤ ተነስታ ትስቃለች፤ ማንም "ሴት ልጅ ሆነሽ" አይላትም። በአሥር ዓመቷ መውደቁ ይከብዳል፣ ተመልካቹ ይበዛል፣ የሰው ወሬ ይጨመርበታል። በ22 ዓመት ደግሞ ሀፍረቱ ብቻውን ግማሽ ዋጋ ነው። አንድ ጊዜ የተያዘ ሚዛን ግን አይረሳም። በሦስት ዓመቷ የያዘችውን በ30 ዓመቷም ታገኘዋለች፤ የታክሲ ሰልፍ ሲያማርራት ሌላ አማራጭ አላት ማለት ነው።

ስለዚህ ፖርቱጋል ላይ የሁለት ዓመት ልዩነት የሆነው ነገር እኛ ጋ ለብዙ ሴቶች ልጆች በመቻልና ጭራሽ ባለመቻል መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ክልከላው ከመድረሱ በፊት ይደርሳልና።

ከመጀመራችሁ በፊት

- ልኳ፦ ልጁ ጫማ አድርጎ ሲቀመጥ ሁለቱም የእግሩ መዳፎች መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፉ፤ ጉልበቱም ትንሽ ይጠፍ። በጣቱ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ ገና ነው። "ያድግበታል" ብሎ ትልቅ መግዛት እዚህ ላይ አይሠራም።
- ክብደቷ፦ ከልጁ ክብደት ሲሶ ባትበልጥ ይመረጣል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 4 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። የብረት ሳይክል የምትጠቀሙ ከሆነ የሚነሳውን ሁሉ አንሱላት።
- ጎማዋ፦ ስፖንጅ የሚመስለው ጎማ አይተነፍስም፣ ቀላልም ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ያንገጫግጫል። ሰፈራችሁ ኮብልስቶን ከሆነ ባለ አየሩ ይሻላል።
- ሄልሜት፦ ከሳይክሏ በፊት ይገዛ። ግንባርን ይሸፍን፤ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ማጅራት ላይ የተቀመጠ ሄልሜት ኮፍያ ነው። ጫማውም ጣት የሚሸፍን ይሁን።
- ቁልቁለት አይሞከር፦ ፔዳል ሲነሳ በፔዳል የሚሠራው የኋላ ፍሬንም አብሮ ይሄዳል። ፍሬኑ የልጁ እግር ብቻ ነው። ዳገትና ቁልቁለት በሞላባት አዲስ አበባ ይህ ቀልድ አይደለም። ሜዳ ፈልጉ፤ መኪና ከሚወጣና ከሚገባበት በር ራቁ።
- መሪውን አትያዙ፦ መሪውን ከያዛችሁ ሚዛኑን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። የግድ መያዝ ካለባችሁ ትከሻውን ወይም ብብቱን ደገፍ አድርጉ።
- ፔዳሉ የሚመለሰው፦ እግሩን አንስቶ ለብዙ ሰከንድ ሲንሸራተትና እየተንሸራተተ መታጠፍ ሲችል ነው። ያኔ ፔዳሉን ግጠሙ፤ ረዳት ጎማውን ግን አትመልሱት።

ልጃችሁ በረዳት ጎማ ጀምሮ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። ረዳቶቹንም ፔዳሎቹንም ፈታችሁ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጀመር ትችላላችሁ። ሚዛን ለመጠበቅ የአካል ችግር ያለበት ልጅ ከሆነ ደግሞ ባለ ሦስት ጎማም ረዳት ጎማም ክብር ያላቸው ሳይክሎች ናቸው።

የጎደለው ሜዳ ነው

ይህን ሁሉ ካነበብኩና ካየሁ በኋላ እጥረቱ የሳይክል አይመስለኝም። ፔዳል የሚፈታላት ሳይክል ይገኛል። የማይገኘው ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን 30 ሜትር ደልዳላ መሬት ነው። በከተማው በኮሪደር ልማት የተሠሩ የብስክሌት መንገዶች ለሚችል ሰው ናቸው፤ ለሚማር ሕፃን አይደሉም። የኮንዶሚኒየም ግቢዎቻችን ደግሞ ለልጆች ተብለው የተተዉ ቦታዎቻቸው አንድ በአንድ የመኪና ማቆሚያ እየሆኑ ነው።

ይህን ለመቀየር ከንቲባ መሆን አያስፈልግም። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "እሁድ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይህ ጥግ ላይ መኪና አይቁም" ቢል ይበቃል። ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አንዴ፣ ወጪው ዜሮ። የዚህን ያህል የሚያዋጣ ኢንቨስትመንት እኔ አራት ዓመት ስማር አልገጠመኝም።